ሰው ያልሞተበት ድንኳን

በቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ የእኔን አፍ የሚችል ሰው በሠፈራችን አልነበረም። ተራዬን ዘሎ ጄሪካኑን ያስቀደመ፣ ሹምም ይሁን ሽማግሌ፣ የሚሰማውን ሰምቶ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። ባለቤቴ ሰዒድ «ዘሃራን ካገባሁ ወዲህ ሬዲዮ መግዛት ቀረልኝ» እያለ ይቀልድብኛል። ይህ ሁሉ ምላስ ግን ማይክ ሲያይ የት እንደሚገባ እንጃ። አንድ ጊዜ በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ አስተያየት ልሰጥ ተነሥቼ፣ ማይኩን ሲያስጨብጡኝ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብዬ መለስሁላቸውና ተቀመጥሁ። ልጄ በእኔ አፍራ ስንት ቀን አኮረፈችኝ።

የወረታ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር በጋብቻ መጥቼ፣ ዓባይ ማዶ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ከፍቼ እኖራለሁ። የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ሠፈራችን የውሃ መስመር ሳይገባለት ነው። ወዲህ ዓባይ ይፈስሳል፣ ወዲያ ጣና ተንጣሎ ተኝቷል፣ እኛ ደግሞ አንዷን የጋራ ቧንቧ ከበን ባዶ ጄሪካን ይዘን እንውላለን። ቦኖዋም ስትፈልግ ትመጣለች፣ ሳትፈልግ ትጠፋለች። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ሌላው አገር ተረት ይመስለዋል። እኛ ግን ኖረነዋል።

ያን ሰሞን የከተማው ምክር ቤት የውሃ መስመር ሊያስፋፋ ነው፣ በጀቱ ግን ለአንድ ሠፈር ብቻ ነው የሚበቃው ተባለ። ተፎካካሪያችን በሐይቁ በኩል ያለው የታችኛው ሠፈር ነበር። ሦስት የምክር ቤት ሰዎች ሁለቱንም ሠፈር በዓይናቸው አይተው ለጉባኤው ያቀርባሉ፣ ጉባኤው ደግሞ እጅ አውጥቶ ይወስናል። የታችኛው ሠፈር ታይቶ አልቋል። ወደ እኛ የሚመጡት ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ከእኛ ወጥተው በቀጥታ ወደ ጉባኤው እንደሚገቡም ተነገረን።

የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ዋለ ናቸው። እድራችን ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የያዘ ነው። ጋሽ ዋለ ልባቸው ቅን፣ ፊታቸው ግን ሠርግ ቤት እንኳ የማይፈታ ሰው ናቸው። ሠፈሩን ሰብስበው፣ እንግዳን ፀሐይ ላይ ማቆም ነውር ስለሆነ የእድሩ ድንኳን ይተከል አሉ። ሁላችንም «እንዴታ» አልን። ድንኳኑ ተተከለ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ወንዶች በአንድ በኩል ሴቶች በሌላ በኩል እንዲቀመጡ፣ ሁሉም ንጹሕ ነጭ ለብሶ እንዲመጣ ታዘዘ። ሻይ እንዳናፈላ ቦኖዋ ከጠፋች ሰንብታለች። ስለዚህ ውሃ የማይፈልግ ነገር፣ ቆሎ ይዙር ተባለ።

ተናጋሪ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ኧረ እኔ ሰው ፊት አልችልም ብዬ ብለምን ማን ሰምቶኝ። ድንኳን ውስጥ ማይክ የለም ብለው አፌን አስያዙኝ። በመጨረሻ ጋሽ ዋለ አንድ ሕግ አወጡ። እንግዶቹ ቀድመው ሳይናገሩ ከእኛ ማንም አፉን እንዳይከፍት፣ የጨዋ ሠፈር መሆናችንን ይዩልን አሉ። እኛም ተስማምተን ተለያየን።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት ፒካፕ መጥታ ከድንኳኑ ራቅ ብላ ቆመች። ሦስት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው የቡድኑ መሪ አቶ ደመላሽ ናቸው፣ ረጅም፣ ሽበት የጀመራቸው ሰው። ሁለተኛዋ የምክር ቤት አባል የሆነች ወይዘሮ፣ ሦስተኛው ወጣት መሐንዲስ። ድንኳኑን አዩና ቀጥ አሉ። እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። አቶ ደመላሽ ኮፍያቸውን አወለቁ። ወይዘሮዋ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። መሐንዲሱ በእጁ የያዘውን የካርታ ጥቅል መልሶ መኪናው ውስጥ አስገባው። ይህን ሁሉ እኔ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። ግን ልቤ የምናገረውን በመሸምደድ ተጠምዶ ነበርና ምኑም አልገባኝ።

አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። እኛ ብድግ ስንል እነሱ በእጃቸው ተቀመጡ እያሉ፣ ለክብር ያዘጋጀንላቸውን ወንበር ትተው በሩ አጠገብ ዳር ላይ ተቀመጡ። ምን ዓይነት ትሑት ሰዎች ናቸው ብዬ ወደድኋቸው።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። እኛ እነሱ እስኪናገሩ እንጠብቃለን። እነሱም መሬት መሬት ያያሉ። ቆሎው ዞረ፣ ቆንጠር አድርገው ያዙ እንጂ አልበሉም። የሐይቁ ነፋስ ድንኳኑን ያርገበግበዋል። የሸመደድሁትን ልናገር ልነሣ ስል ጋሽ ዋለ በዓይናቸው መልሰው አስቀመጡኝ። አቶ ደመላሽ ከልባቸው ተነፈሱ። ጋሽ ዋለም አጸፋውን ከልባቸው ተነፈሱ። ወይዘሮዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ሳይ አጠገቤ የተቀመጠችውን ጎረቤቴን ጥሩነሽን ጎሸም አድርጌ «አየሽ፣ ችግራችን ገባቸው» አልኋት። ጥሩነሽም ደስ ብሏት ራሷን ነቀነቀች።

ትንሽ ቆይተው ሦስቱም ተነሡ። አቶ ደመላሽ የጋሽ ዋለን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው አንድ ነገር ነገሯቸውና ወጡ። መኪናዋ አቧራዋን አስነሥታ ሄደች።

«ምን አሉዎት?» አልን ሁላችንም።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ አሉኝ» አሉ ጋሽ ዋለ።

ድንኳኑ ተንጫጫ። ውሃ ለጠየቀ ሰው ያጽናችሁ ምን የሚሉት መልስ ነው? አንዱ በጀቱ ለታችኛው ሠፈር ተሰጥቷል ማለት ነው አለ። ሌላው እኛ እንደ ለመድነው እንድንችል ነው የመከሩን አለ። አንዷ ደግሞ ይህ ሁሉ የመጣው በሩ ዳር ባዶ ወንበር ስለተውንላቸው ነው ብላ ወንበር ከደረደሩት ጋር ተጣላች። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ንግግሬ ነው። አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ሰዎቹ ሄዱ።

በዚህ ጭቅጭቅ መሐል አንዲት የማናውቃት ሴት፣ ከገበያ ስትመለስ ይመስለኛል፣ ሸክሟን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አውርዳ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለች እያለቀሰች ገባች። ደረቷን ደቃ፣ የሞተ ወንድሟን አንሥታ፣ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ማን ነው ያረፈው?» አለችኝ።

ድንኳኑን ዞሬ አየሁት። የእድር ድንኳን፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ወንድ በወንድ ሴት በሴት፣ ድምፅ የለም፣ ቆሎ ይዞራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሩ ላይ የጋሽ ዋለ ፊት አለ። ነጠላውና ኮፍያው፣ ካርታውም ሁሉም አንድ ላይ መጣልኝ።

«ለቅሶ ደርሰውን ነው የሄዱት» አልሁ።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ሲገባቸው ጥሩነሽ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወንበር ላይ ተደፋች። ጋሽ ዋለ ግን አልሳቁም። «ሳንሞት ተቀበርን» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ጉባኤው አሁን ይጀመራል፣ የሰዎቹ ስልክ ዝግ ነው፣ ሳይወስኑ የሚደርስ ሰው ያስፈልጋል። «ዘሃራ ልጄ፣ ተናጋሪያችን አንቺ ነሽ» አሉኝ። እምቢ የምልበት ጊዜ አልነበረም። ያ መስመር ከቀረ ሌላ በጀት መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ወደ አስፋልቱ ሮጥሁ።

ያገኘኋት ባጃጅ ሾፌር ልጅ እግር ነው። ከድንኳኑ ስወጣ አይቶኛል።

«እትዬ፣ በጣም ይቅርታ» አለኝ። «ነፍስ ይማር።»

«ማንም አልሞተም፣ ወደ ምክር ቤቱ ንዳልኝ» አልሁት።

በመስተዋቱ አየኝና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዲህ ይላል። ያልቅሱ እትዬ፣ አይያዙት፣ ይጎዳዎታል።»

ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆመን። እኔ በአንድ በኩል ንግግሬን አነበንባለሁ፣ በሌላ በኩል ማንም እንዳልሞተ ለማስረዳት እታገላለሁ። እሱ ደግሞ እናቱ የሞተች ጊዜ እንዴት እንዳደረገው ይነግረኛል። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ «አሜን፣ ነፍስ ይማር» አልሁትና ደስ አለው። ደርሰን ሒሳብ ላውጣ ብል ከሐዘንተኛ አልቀበልም ብሎ ጥሎኝ ሄደ።

ጉባኤው ለሕዝብ ክፍት ስለነበር ዘበኛው አላስቸገረኝም። የአዳራሹን በር ገፋ አድርጌ ስገባ ያ ሁሉ ሰው ብድግ ብሎ ቆሟል። ለአንድ አፍታ ለእኔ የተነሡ መስሎኝ ደነገጥሁ። ኋላ ሳይ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። አፈ ጉባኤዋ መድረኩ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። አቶ ደመላሽ ከፊት ናቸው፣ ኮፍያቸው በእጃቸው።

በሩ አጠገብ የቆመውን ሰው ምንድን ነው ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅሁት። ዓባይ ማዶ አንድ ትልቅ ሰው ስላረፉ የህሊና ጸሎት እየተደረገ ነው አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አፌን ልክፈት እንዳልል ጸሎት ነው። ዝም ልበል እንዳልል የሚጸለየው ላልሞተ ሰው ነው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። ላልሞተው ሰው ፋቲሃ ልቀራለት ምንም አልቀረኝ። ሳቅና እንባ አንድ ላይ ሲታገሉኝ ከንፈሬን ነክሼ ያዝሁት።

ጸሎቱ አልቆ ተቀመጡ። አቶ ደመላሽ ሪፖርታቸውን ቀጠሉ። ሠፈሩን ሊያዩ ሄደው ሕዝቡን ከባድ ሐዘን ላይ እንዳገኙት፣ በዚያ ሁኔታ ስለ ውሃ ማንሣት ነውር ስለሆነ ሳይጠይቁ እንደተመለሱ ተናገሩ። በጀቱ ስለማይጠብቅ ዘንድሮ የታችኛው ሠፈር እንዲሆን፣ የእኛ ሠፈር ለወደፊት እንዲታይ ሐሳብ አቀረቡ። አፈ ጉባኤዋ ድምፅ ይሰጥ አሉ። ሰዎች እጃቸውን ማውጣት ሊጀምሩ ነው።

እጅ ከወጣ በኋላ ብናገር ምን ይረባል ብዬ «ማንም አልሞተም» አልሁ። ድምፄ እንዲህ ይጮሃል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። አቶ ደመላሽ አዩኝና አወቁኝ።

«እርስዎ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ድንኳኑ ለማን ነው የተተከለው?»

«ለእናንተ» አልሁ። «ፀሐይ እንዳይመታችሁ ብለን ነው።»

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። ወይዘሮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፈራፈራለች። መሐንዲሱ ጠረጴዛ ሥር ሊገባ ነው። አፈ ጉባኤዋ መዶሻቸውን ለመምታት አንሥተው ራሳቸው ሳቅ አሸነፋቸው። አቶ ደመላሽ ብቻ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ቆመዋል። አሳዘኑኝ።

አፈ ጉባኤዋ እንደ ምንም ሳቃቸውን ገትተው ማይክ ይሰጣት አሉ። ማይኩ እጄ ገባ። «አሰላሙ ዐለይኩም» አልሁ። ከዚያ ወዲያ የሸመደድሁት ሁሉ ጠፋ። መልሼ ልሰጥ ስል አቶ ደመላሽን አየኋቸው፣ እኔ ካልተናገርሁ ተስቆባቸው የሚቀሩት እሳቸው ናቸው።

«አቶ ደመላሽ አይፈረድባቸውም» አልሁ። «ድንኳን አይቶ ለቅሶ መድረስ የጨዋ ልጅ ወግ ነው። ስሕተቱ የእኛ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምና አማቴ የሞቱ ቀን ቦኖው ደርቆ ነበር። በእኛ ደንብ ሰው ሲሞት ታጥቦ ነው የሚቀበረው። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ፊት የሚያስታጥብ ውሃ አልነበረኝም። ባዶ ጄሪካን ይዤ በር ለበር ስዞር ማልቀሱንም ረሳሁት። ጎረቤቶቼ፣ አብዛኞቹ ክርስቲያኖች፣ ለልጆቻቸው መጠጥ ያስቀመጡትን ውሃ በጆግ በጆግ አመጡልኝ። አማቴን ያጠብናቸው በጎረቤት ልጆች ጥም ነው። ዛሬ እውነት ነው ማንም አልሞተም። ግን ሰው ነንና እንሞታለን። የዚያን ቀን ሰው እንዲያለቅስ እንጂ ውሃ ፍለጋ እንዲዞር አታድርጉን።»

ተቀመጥሁ። ማይኩን መመለሴንም አላስታውስም። ማንም አልሳቀም። አቶ ደመላሽ ያቀረብሁትን ሐሳብ አንሥቻለሁ አሉና ቁጭ አሉ።

በዚህ ጊዜ የታችኛውን ሠፈር የሚወክሉት አዛውንት፣ አቶ እንዳላማው ይባላሉ፣ ከመቀመጫቸው ተነሡ። በጀቱ እጃቸው ላይ ገብቶ ነበር፣ አሁን እኔ ልነጥቃቸው ነው የመጣሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፣ እሱም አጭር ነበር።

«እኛ ቢከፋም የጉድጓድ ውሃ አለን። እነሱ ይቅደሙ» አሉና እጃቸውን አወጡ።

እሳቸው ሲያወጡ ማን ይቅር። አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። ውሃው የእኛ ሆነ። በደስታ የማደርገው ጠፍቶኝ አጠገቤ ያለውን የማላውቀውን ሰው እጅ ያዝሁ። ስወጣ በረንዳው ላይ አቶ እንዳላማውን አገኘኋቸው። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ጥሩ ተናገርሽ» አሉኝ። ከዚያ ፈገግ ብለው «የእኔ ሠፈር ሰዎችም ግን ይሞታሉ» አሉ።

ምላሴን ያጣሁት ማይክ ፊት ብቻ ሳይሆን እዚያም ነው።

ወደ ሠፈር ስመለስ ድንኳኑ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። የለቅሶ ድንኳን ነው ብሎ አንገቱን ደፍቶ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ይህ ሕዝብ ምን ነካው እያለ ዞሮ ያያል። ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ሴት ሳትሄድ ጠብቃኝ ኖሮ ከሁሉ በላይ የጨፈረች እሷ ናት። ጋሽ ዋለ እንኳ ፊታቸው ተፈታ። እኔም ዘልዬ ጨፈርሁ፣ አልዋሽም። ግን የአቶ እንዳላማው ቃል ጭፈራውም መሐል አልተለየኝም።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ስለዚያ ቅዳሜ ሳስብ አንድ ነገር ይገርመኛል። ማንም ክፉ አልነበረም። እነሱ ጨዋ ናቸው፣ እኛም ጨዋ ነን፣ ሁለታችንም በጨዋነት ተያይተን ዝም አልን። ውሃውን ሊያስቀርብን የነበረው ይኸው ጨዋነታችን ነው። አባቶች «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እነሱው ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። የትኛው መቼ እንደሚሠራ መለየቱ የእኛ ፋንታ ነው። እንግዳችሁን ለምን መጣህ ብላችሁ ጠይቁ። ምን እንደምትፈልጉም ንገሩት። ቢያፍርም ቢያሳፍርም ያልፋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ማይክ አልፈራም። መስመሩ ገብቶ ውሃ ከየቤቱ ሲወርድ ወረፋው ቀረ፣ እኔም የምጨቃጨቅበት አጣሁ። ሰዒድ ይህ ምላስ ሥራ ካልተገኘለት ቤቴን ያፈርሰዋል ብሎ፣ ለምክር ቤት ጠቁሙልኝ እያለ ሠፈሩን ዞረ። በሚቀጥለው ምርጫ ተመረጥሁ። የሠፈሬ ሰው የላከኝ ኮብልስቶን አምጪልን ብሎ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ እጄን አውጥቼ የተናገርሁት ስለ ታችኛው ሠፈር ውሃ ነው። ጋሽ ዋለ ተቆጡኝ፣ ጥሩነሽ ለጥቂት ጊዜ አኮረፈች። አቶ ደመላሽ ሐሳቤን ደግፈው የተናገሩ ቀን ግን ሁለቱም ታረቁኝ።

የታችኛው ሠፈር ቧንቧ የተከፈተ ዕለት ሄድሁ። አቶ እንዳላማው በጣም አርጅተዋል፣ ከምክር ቤቱም ወጥተዋል። ከቤታቸው ብርጭቆ አስመጥተው፣ ራሳቸው ቧንቧውን ከፍተው፣ ሞልተው ሰጡኝ። እስከ አፉ ስለሞሉት ውሃው እየፈሰሰ ነው የደረሰኝ። ቆመው አዩኝ። እኔም እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁት።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ከእኛው ይጣፍጣል» አልኋቸው። እውነቴን ነበር።